ለመርከቡ መንገድ ልቀቁለት

የዛሬው ርእሳችን በትንሽ ጀልባ የሚሄድ ሰው ከትልቅ መርከብ እንዴት መራቅ እንዳለበት ነው። እባካችሁ ገጹን አትግለጡት! ገላን ባሕር እንደሌለው አውቃለሁ። ያለን ውኃ ሐምሌ ላይ ከአጥቢያችን በር ፊት የሚጠራቀመው ብቻ ነው፤ እርሱንም መጽሐፍ ቅዱሳችንን ብብታችን ውስጥ ይዘን፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን እንሻገረዋለን እንጂ ጀልባ ተከራይተንበት አናውቅም።

ነገር ግን ርእሱን የመረጥኩት በከንቱ አይደለም። ሀገራችን ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም መርከብ አጥታ አታውቅም። የንግድ መርከብ ድርጅታችን የተመሠረተው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመርከቦቹም መካከል ፊንፊኔ፣ ሐዋሳ፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ የተባሉ ነበሩበት። (ገላን የተባለ መርከብ እስካሁን አልሰማሁም፤ ተስፋ ግን አንቆርጥም።) ከእኛ ብዙም በማይርቀው ቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ፣ ወጣቶቻችን ለዓለም ባሕሮች መርከበኛ ለመሆን ሲሠለጥኑ ኖረዋል። ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የሚወርደውም ኮንቴይነር ብዙው በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል አድርጎ በደጃችን ያልፋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣናነሽ የተባለች ትልቅ ጀልባ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ከጅቡቲ ወደ ጣና ሐይቅ በየብስ ጉዞ ጀመረች። ጀልባ በአስፋልት ላይ ስትሄድ ያየ ሰው በደረቅ ምድር መርከብ የሠራውን ኖኅን ቢያስታውስ ማን ይፈርድበታል?

እንግዲህ ባሕሩ ወደ እኛ ባይመጣም የባሕሩ ጣጣ መጥቷል። ከዚያም በላይ ትዳር የሚባለው ጉዞ አለ። ሁለት ሰዎች በአንዲት ጠባብ ታንኳ ተሳፍረው፣ ልጆችን መካከል አስቀምጠው፣ ዘመድ በግራ፣ ሥራ በቀኝ፣ አገልግሎት ከፊት ሲመጣባቸው ማየት ለእኛ የመጽሔት ወሬ ሳይሆን የየዕለት ኑሮ ነው። ስለዚህ የመርከበኞችን ደንብ ትንሽ እንማር።

*መርከቡ ለምን አይቆምም?*

በጣና ላይ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ቀላል ናት፤ አንድ ሰው በመቅዘፊያ እንደ ፈለገ ያዞራታል፤ ውኃ ስትጠጣ ደግሞ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቃታል። እንዲህ ያለውን ነገር የለመደ ሰው ትልቅ መርከብ ሲመጣ፣ “ካየኝ ይቆምልኛል” ብሎ ሊያስብ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ።

የተጫነ ትልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሞተሩን ወደ ኋላ ቢያስነሳው እንኳ እስኪቆም ድረስ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። ካፒቴኑ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ውኃ ላይ ፍሬን ስለሌለ ነው። ከዚህም ሌላ መርከቡ አያይም። የመሪው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ስለሚገኝና ኮንቴይነሩ ከፊት ስለሚከመር፣ ከአፍንጫው ፊት ያለውን ውኃ ካፒቴኑ አያየውም። ዓለም አቀፉ ሕግ ይህ የማይታይ ስፍራ ከመርከቡ ርዝመት ሁለት እጥፍ ወይም ከ500 ሜትር፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ያዝዛል። አስቡት! እስከ 500 ሜትር ድረስ ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ጀልባ ላያያት ይችላል፤ ሕጉንም አልጣሰም።

ደግሞም እንደ ልቡ መዞር አይችልም። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ኤቨር ጊቭን የተባለው 400 ሜትር የሚረዝም መርከብ በስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድሞ፣ አፍንጫው በአንዱ ዳር ጭራው በሌላው ዳር ተቀርቅሮ፣ ስድስት ቀን ያህል የዓለምን ንግድ አቁሞ ነበር። የገላን ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ተሳቢ የጫነ መኪና ጠባብ መንገድ ላይ ሲጠመዘዝ የሚሆነውን በየቀኑ እናየዋለንና። እነዚያ ሲኖትራኮች ሕዝቡ “ቀይ ሽብር” ብሎ ስም ያወጣላቸው ያለ ነገር አይደለም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ከኋላቸው ተለጥፎ ሲሄድ ሳይ፣ ያ ጀልባ ከመርከብ ፊት የቆመው ሰው ይታየኛል። የመኪናውን መስተዋት ካላያችሁት ሹፌሩም እናንተን አያያችሁም፤ ይህን ለልጆቻችሁ ዛሬውኑ ንገሩ።

የፍጥነት መንገዱን የሠሩት ሰዎች ይህ ገብቷቸው ለትናንሾቹ ሌላ መንገድ ተዉላቸው። ባሕር ላይ ግን አጥርም የክፍያ ጣቢያም የለም። ስለዚህ መርከበኞች በ1972 እ.ኤ.አ. በባሕር ላይ ግጭትን የሚከላከል ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቁ፤ ከ1977 ጀምሮም ይሠራበታል። ደንቡን ሳነብ፣ ይህን የጻፉት የባሕር ሰዎች ናቸው ወይስ የትዳር አማካሪዎች? ብዬ ተገርሜአለሁ። አምስቱን ብቻ እንውሰድ።

*1. አቅጣጫው ካልተለወጠ ግጭት አለ*

በሩቅ መርከብ ሲታያችሁ እንድትጋጩና እንዳትጋጩ በምን ታውቃላችሁ? ደንቡ ዘዴ አለው። መርከቡን እያያችሁ ያለበትን አቅጣጫ ለኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ለኩ። ወደ ፊታችሁ ወይም ወደ ኋላችሁ ከሸሸ በሰላም ትተላለፋላችሁ። በዚያው አቅጣጫ ላይ ቆሞ መጠኑ ብቻ እየጨመረ ከሄደ ግን፣ ወዳጆቼ፣ እየመጣ ያለው ወደ እናንተ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ባልና ሚስት በብዙ ነገር ይጨቃጨቃሉ፤ አንድ ቀን በጨው፣ አንድ ቀን በቁልፍ። ይህ አቅጣጫው የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ ያልፋል። ነገር ግን በየወሩ መጨረሻ፣ ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት፣ “ለእናትህ ስንት ላክህ?” “ለወንድምሽ ስንት ሰጠሽ?” የሚለው ጠብ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቃል፣ ድምፁ ብቻ እየጨመረ ከመጣ ያ መርከብ ነው። በጸሎት ብቻ “ይገሠጽ” ብላችሁ አትለፉት። ጸልዩ፤ ከጸሎቱ በኋላ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ለእርሱ ቤተ ሰብ ይህን ያህል፣ ለእርስዋ ቤተ ሰብ ይህን ያህል፣ ለዕቁቡ ይህን ያህል ብላችሁ ደመወዙ ሳይመጣ ተስማሙ። ብልህ ሰው ክፉውን ከሩቅ አይቶ እንደሚሸሸግ፣ ያላስተዋለው ግን ዝም ብሎ አልፎ እንደሚጎዳ የምሳሌ መጽሐፍ አስተምሮናል (ምሳ. 22፥3)።

*2. ገለል ስትሉ ቀደም ብላችሁ፣ በሚታይ መንገድ ይሁን*

ደንቡ እንዲህ ይላል፤ መንገድ የሚለቅ ሁሉ በቂ ጊዜ እያለ ይልቀቅ፤ ሌላው ሰው በግልጽ እንዲያየው አድርጎ ይልቀቅ፤ በጥቂት በጥቂቱ እየተወዛወዘ አያደናግር። እንዴት ያለ ጥበብ ነው!

እኛ ብዙዎቻችን ይቅርታ የምንጠይቀው በሳንቲም ነው። ባል ቅዳሜ ሲጨቃጨቅ ይውልና እሑድ ጠዋት፣ “ሻይ አለ?” ይላል። ይህ በእርሱ ቤት ንስሐ ነው። ሚስትም ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ቸብ ታደርግና ስኳሩን አርቃ ታስቀምጣለች። ይህ ደግሞ በእርስዋ ቤት ይቅርታ ነው። ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይዘምራሉ። ማን መንገድ እንደለቀቀ ግን ማንም አላወቀም! ረቡዕ ላይ ደግሞ እንደገና ይጋጫሉ።

ወንድሜ፣ የምትለቅ ከሆነ በሚታይ አድርገህ ልቀቅ። “ትናንት የተናገርሁሽ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ” በል። አራት ሰከንድ አይፈጅም። እኅቴ፣ አንቺም “ይሁን” ካልሽ ከልብሽ ይሁን እንጂ፣ “ይሁን፣ መቼም አንተ ትክክል ነህ” እያልሽ መልሰሽ አትውጊው። “ይሁን” ማለት አንድ ቃል ነው፤ ከኋላው ጭራ ሲበቅልለት ሌላ እንስሳ ይሆናል።

*3. ትክክል መሆን ከመስጠም አያድንም*

አንዳንድ ሰው፣ “ቅድሚያው የእኔ ነው” ብሎ በጀልባው ላይ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ደንቡ ግን ለዚህ ሰው አያዝንም። ርዝመታቸው ከ20 ሜትር ያነሰ ጀልባዎች፣ ከጠባቡ መተላለፊያ በቀር ሌላ መንገድ የሌለውን ትልቅ መርከብ እንዳያደናቅፉ ያዝዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትንሹ የትም ማለፍ ይችላል፤ ትልቁ ጥልቅ ውኃ ካላገኘ መሬት ይይዘዋል። መርከበኞችም በቀልድ “የክብደት ሕግ” የሚሉት አላቸው፤ የከበደው ሁልጊዜ ትክክል ነው ለማለት ሳይሆን፣ ከተጋጫችሁ በኋላ ማን ትክክል እንደነበረ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም ለማለት ነው።

ይስሐቅ ይህን ያውቅ ነበር። አባቱ ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች ሲያስቆፍር የጌራራ እረኞች ተጣሉት። ጉድጓዱ የእርሱ ነበር፤ ውኃውን ያገኙት የእርሱ ሎሌዎች ነበሩ። እርሱ ግን ስሙን ዔሤቅ ብሎ ትቶት ሄደ። ሁለተኛ ቆፈረ፤ እንደገና ተጣሉት፤ ስጥና ብሎ ትቶት ሄደ። በሦስተኛው ሰፊ ስፍራ አገኘ፤ ርኆቦትም አለው (ዘፍ. 26፥18-22)። ተሸንፎ ነውን? አይደለም። በዚያችው ሌሊት እግዚአብሔር ተገልጦለት እንደባረከው፣ ያባረሩትም ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቃል ኪዳን እንግባ ብለው ወደ እርሱ እንደመጡ ምዕራፉ ይነግረናል። ርኆቦት የሚገኘው በዔሤቅ ላይ ተጣብቀው በቀሩት ዘንድ አይደለም።

በየቤታችን ስንት ዔሤቅ አለ? ሶፋው በየት በኩል ይቀመጥ? ጋብቻችን የተፈጸመው በስንት ሰዓት ነበር? ቴሌቪዥኑን ማን ክፍት አድርጎ ተኛ? አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች በሠርጋቸው ቀን ዝናብ ዘንቦ ነበር አልዘነበም በሚል ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ሰማዩ እንኳ የረሳውን ነገር! እንዲህ ላለው ጉድጓድ አትሙቱ። ልቀቁት።

*4. መንገድ ተለቅቆላችሁ ከሆነ አትወዛወዙ*

ደንቡ ለሌላውም ወገን ሥራ ሰጥቶታል። አንዱ መንገድ እየለቀቀ ከሆነ ሌላው አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ጠብቆ ይሂድ ይላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደዚህና ወደዚያ ከዘለሉ ይጋጫሉ። በጠባብ ኮሪደር ላይ ሁለት ትሑታን ሰዎች ሲገናኙ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ “እርስዎ ይለፉ”፣ “ኧረ በጌታ እርስዎ ይለፉ” ሲባባሉ ግንባራቸው ይጋጫል።

ሚስትህ፣ “እሺ፣ በዓሉን በእናትህ ቤት እናሳልፍ” ካለችህ፣ አመስግነህ አሳልፍ። ነገ ተመልሰህ፣ “ከልብሽ ነው ግን? ፊትሽ ልክ አልመሰለኝም” እያልህ አትመርምራት። ባልሽ፣ “የልጁን ትምህርት ቤት ነገር አንቺ ያልሽው ይሁን” ካለሽ፣ “አየህ፣ እኔ ከመጀመሪያው ብዬህ ነበር” አትበዪው። መንገድ ለለቀቀ ሰው የሚገባው እጅ ማውለብለብ ነው፤ ሲሸነፍ ያየነው ያህል ማጨብጨብ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይረሳ። ሌላው ወገን መንገዱን ካልለቀቀና ግጭቱ የማይቀር ከሆነ፣ ቅድሚያ የነበረውም ሰው ግጭቱን ለማስቀረት የሚችለውን ሁሉ ማድረግ እንዳለበት ደንቡ ያዝዛል። ወደዚህ ጉዳይ እንመለሳለን።

*5. አምስት አጭር ጥሩንባ*

መርከበኛ የሌላው መርከብ አካሄድ ካልገባው ምን ያደርጋል? አይገምትም፤ አይሳደብም፤ ቢያንስ አምስት ጊዜ አጭር ጥሩንባ ይነፋል። ትርጉሙ፣ “ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም” ነው።

ይህን ጥሩንባ ለእያንዳንዱ ሙሽራ በሠርጉ ቀን ብንሰጠው ምን ያህል ቤት ይድን ነበር! እኛ ግን እንገምታለን። “ዝም ያለው ንቆኝ ነው።” “ቀድማ የተኛችው ተቆጥታ ነው።” ዝም ያለው ጥርሱን አሞት ሊሆን ይችላል፤ ቀድማ የተኛችው ለማለዳ ጸሎት ልትነሣ ይሆናል። ጠይቁ። “የኔ ወንድም፣ አልገባኝም፤ ምን አስበህ ነው?” በሉ። አምስት ጊዜ ቢደገምም ችግር የለውም። በጎረቤት እንዳይሰማ ብቻ ዝግ ይበል።

*መርከቡ ማን ነው?*

እስካሁን ያነበበ ወንድም፣ “መርከቡ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ሚስቴ ትልቀቅልኝ!” ብሎ ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል። ቆይ፣ አትቸኩል። ደንቡ፣ “መርከቡ ወንድ ነው” አላለም። በቤታችን መርከቡ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። በወሊድ ሰሞን መርከቧ እርስዋ ናት፤ ሁሉ ለእርስዋ ይልቀቅ። ሥራ ባጣበት ወር ልቡ የከበደው እርሱ ነው፤ በቀላሉ መዞር አይችልም። አንዳንዴ መርከቡ አማት ናት፤ በሦስት ሻንጣ ታጭቃ ከገጠር የመጣችና መቼ እንደምትሄድ ያልታወቀ። አንዳንዴ ደግሞ መርከቡ አገልግሎት ነው። የመጋቢ ሚስቶች ይህን ያውቁታል፤ ሰኞ የመሪዎች ስብሰባ፣ ማክሰኞ የሕንፃ ኮሚቴ፣ ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም፣ ሐሙስ ኅብረት፣ ዓርብ አዳር ጸሎት። ያ መርከብ አይቆምም፤ ማቆሚያውንም የሚያውቅ የለም። ትንሿ የቤተ ሰብ ታንኳ ቀኗን አስቀድማ መርጣ፣ “ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ነው” ብላ ዳር ካልያዘች፣ ማንም ሆን ብሎ ሳይሆን ትዋጣለች።

ትልቅ የሆነውም ወገን ከተጠያቂነት አያመልጥም። ደንቡ ትልቁም ትንሹም ሁልጊዜ በዓይንና በጆሮ ነቅቶ እንዲጠብቅ፣ ፍጥነቱንም እንዲቆጣጠር ያዝዛል። ሐዋርያው ያዕቆብም ታላላቅ መርከቦች በብርቱ ነፋስ እየተገፉ ሳለ እጅግ ታናሽ በሆነች መሪ እንደሚዞሩ ጽፎልናል፤ ያችንም ከምላስ ጋር አነጻጽሯታል (ያዕ. 3፥4-5)። ትልቅ ነኝ የምትል ወንድም፣ ትልቅነትህ የሚታወቀው መሪህን በመያዝህ ነው።

የሐዋርያት ሥራ 27ንም አንብቡ። በእስክንድርያው መርከብ ላይ 276 ሰዎች ነበሩ፤ ስንዴም ጭኖ ነበር። ጳውሎስ የተባለ አንድ እስረኛ ጉዞው ጥፋት እንደሚያመጣ ተናገረ። መቶ አለቃው ግን ከእስረኛው ቃል ይልቅ መሪውንና የመርከቡን ባለቤት አመነ። ባለሙያ ናቸዋ! ገንዘቡም የእነርሱ ነው! መጨረሻው ታወቀ፤ ሰዎቹ በእግዚአብሔር ምሕረት ዳኑ፣ መርከቡ ግን ተሰበረ። በቤትህ ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ይህ ብድር አያዋጣንም” የምትልህ ሴት ጳውሎስህ ሳትሆን አትቀርም። ስማት።

ሌላም ነገር አለ። ትልቅ መርከብ ሳይነካችሁም ይገለብጣችኋል። ካለፈ በኋላ የሚተወው ማዕበል ወደ ዳር እየሰፋ ይሄድና ምንም ያላጠፋችውን ታንኳ ያንገላታታል። ጌታ ማዕበሉን በገሠጸበት ምሽት ሌሎች ታንኳዎችም ከእርሱ ጋር እንደነበሩ ማርቆስ ጽፏል (ማር. 4፥36)። በእኛ ቤት እነዚያ ሌሎች ታንኳዎች ልጆቻችን ናቸው። እኛ ሌሊት ተጣልተን ጠዋት ታርቀን ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ክፍል ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያዳመጠው ልጅ ግን ማዕበሉ የሚደርሰው በማግሥቱ፣ ክፍል ውስጥ፣ ፈተና ላይ ነው። ስትጣሉ ከሰማችሁ፣ ስትታረቁም ይስማችሁ።

*ቀልዱ የሚያበቃበት ቦታ*

አሁን ፈገግታችንን ለጥቂት ጊዜ እናስቀምጠው። ስለ መቻልና ስለ መተው በተናገርን ቁጥር፣ ከአንባብያን መካከል ዝም ብላ የምታለቅስ እኅት እንዳለች አውቃለሁ። “መንገድ ልቀቂ” ማለት ለእርስዋ፣ “ሲመታሽ ዝም በዪ” ማለት ሆኖ ይሰማታል። በቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ብለው የመከሯት ይኖራሉ። ስለዚህ በግልጽ ልናገር።

መንገድ መልቀቅ ማለት መርከቡ እንዲያልፍብሽ መተኛት አይደለም። መንገድ መልቀቅ ማለት መርከቡ ከሚያልፍበት መውጣት ነው።

ዳዊትን ተመልከቺ። በሳኦል ፊት በገና ይደረድር ነበር፤ በዘመናችን ቋንቋ በአገልግሎት ላይ ነበር። ሳኦል ጦሩን ወረወረበት። ዳዊት ምን አደረገ? ጦሩን ነቅሎ መልሶ አልወረወረም። “ለተቀባው ንጉሥ መታዘዝ አለብኝ” ብሎም ደረቱን አልሰጠም። ገለል አለ (1 ሳሙ. 18፥11)። ሲደገምም እንደገና ገለል አለ፤ በዚያችም ሌሊት ሸሽቶ አመለጠ (1 ሳሙ. 19፥10)። ወደ ማን ሄደ? ወደ ሳሙኤል ሄደ፤ ሳኦል ያደረገበትንም ሁሉ ነገረው (19፥18)። አልደበቀም። “የቤታችን ገመና ነው” አላለም። ለዳዊት ቅንነት እግዚአብሔር ራሱ መስክሮለታል፤ መሸሹንም ከኃጢአት አልቆጠረበትም። በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም፤ ለሳኦል ጦር ግን ግድግዳ አልሆነም።

ስለዚህ እጅ የሚነሣበት ቤት ያለሽ እኅቴ፣ መጀመሪያ ውጪ። ልጆቹን ይዘሽ ወደ ደኅና ቦታ ሂጂ። ከዚያ ሳሙኤልሽን ፈልጊ፤ የምታምኛትን እናት፣ እውነትን የሚፈርድ ሽማግሌ፣ መጋቢሽን። ከቆሰልሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ “ደረጃ ላይ ወድቄ ነው” አትበዪ። ፖሊስም አለ። የሀገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል። ሕጉን መጠቀም ከእምነት መጉደል አይደለም፤ ጳውሎስም ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሷል (የሐዋ. 22፥25)።

ለሽማግሌዎችና ለመጋቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። የሸሸችን ሴት በማግሥቱ፣ “ጸልዪና ተመለሺ” ብለን ስንሰድዳት፣ ታንኳዋን በገዛ እጃችን ወደ መርከቡ አፍንጫ እየገፋናት ነው። ዕርቅ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዕርቅ የሚጀምረው መርከቡ ሲቆም ነው። እስኪቆም ድረስ ደግሞ እንደ ሰማነው ረጅም ርቀት ይፈልጋል። ሰውዬው አንድ ጊዜ ተንበርክኮ ስላለቀሰ ብቻ ቆሟል አንበል። ጊዜ እንስጠው፤ እንከታተለው፤ ፍሬውንም እንይ። እጁን የሚያነሣው ወንድምም ተስፋ አልተቆረጠበትም፤ ግን በሚስቱ ጀርባ ላይ ተደግፎ ሳይሆን በጌታ ፊት ቆሞ፣ ከሚያርሙት ወንድሞች ጋር ይፈወስ።

*ወደ ሐይቁ ለምትሄዱ*

ባለትዳሮች ለጉባኤም ሆነ ለሽርሽር ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ፣ ጥቂት ተግባራዊ ምክር ልጨምር። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳትለብሱ ጀልባ አትሳፈሩ፤ ልብሳችሁን ያበላሽ ይሆናል፣ ሕይወታችሁን ግን ያተርፋል። ለልጆች በልካቸው ያለውን ጠይቁ። ከአቅሙ በላይ የጫነ ጀልባ ላይ፣ “እምነት አለን” ብላችሁ አትጨመሩ። ሞተር ያለው ትልቅ ጀልባ ሲመጣ ሁላችሁም በአንድ ወገን ተነሥታችሁ ፎቶ አትንሡ፤ ተቀመጡ። ማዕበሉ ከደረሰባችሁም ነጂው የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ያዙረው፤ በጎን ከመታችሁ ይገለብጣችኋል። ለጠብም ይህ ምክር ይሠራል፤ ችግርን በፊት ለፊት እንጂ በጎን አትቀበሉት። ጉማሬን በተመለከተ ደግሞ የባሕር ደንብ አያስፈልግም። እርሱ ምንም ደንብ አላነበበም፤ በሩቁ እዩት፣ እግዚአብሔርንም በሩቁ አመስግኑ።

*በቤታችሁ ተወያዩበት*

1. በቤታችን ውስጥ አቅጣጫውን ሳይለውጥ እየቀረበ ያለ ጠብ የትኛው ነው? ከመድረሱ በፊት ምን እናድርግ?

2. በዚህ ሳምንት “ዔሤቅ” ብለን ትተነው የምንሄደው ጉድጓድ የትኛው ነው?

3. በዚህ ወር ከሁለታችን የከበደው ማን ነው? ሌላው እንዴት መንገድ ይልቀቅለት?

4. በአጥቢያችን ሸሽታ የምትመጣ እኅት ብትኖር፣ የምታርፍበት ቤት የማን ነው?

አራተኛውን ጥያቄ ሳትመልሱ አትተኙ። ነፋስንና ማዕበልን የገሠጸው ጌታ በታንኳችሁ ይሁን። በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን። አሜን።